የማቻከል ቀይ መሬት ገብስ እምቢ ብሏል፤ ኖራ ይሻላል ወይስ ዲከረንስ?

የአማኑኤል ልጅ፦

እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሥራዬ ሞተር ሳይክል ጥገና ነው። ስለ አፈር አውቃለሁ ብዬ አልከራከርም። ቤተሰቦቼ ግን ማቻከል ውስጥ፣ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገበሬዎች ናቸው። አባቴ ጉልበቱ ስለደከመ አሁን ሞፈር የሚይዘው ታናሽ ወንድሜ ነው። ማዳበሪያ የምገዛው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ አስተያየት የመስጠት መብት አለኝ ብዬ አስባለሁ።

ዳገቱ ላይ ሦስት ቃዳ የሚሆን ቀይ መሬት አለን፤ ቃዳ የምንለው ሩብ ሄክታር ነው። ልጅ ሆኜ ገብስና ባቄላ እየተፈራረቀ ይዘራበት ነበር፤ የዓመት ቀለብ የሚወጣው ከሱ ነበር። አሁን ገብሱ ሲበቅል ጥሩ ይመስልና ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ይሆናል። ደግሞ እኩል አይደለም። እዚህ ጋ እፍኝ የምታህል አረንጓዴ ቦታ ታያለህ፣ አጠገቧ መላጣ ነው። ባቄላውማ ከናካቴው ቀርቷል። መሬቱ አሁን እሺ የሚለው ድንችና እንግዶ (አጃ) ብቻ ነው። ማዳበሪያ አልቀነስንም፤ እንዲያውም ጨምረናል። ዋጋውን ታውቁታላችሁ፣ አልነግራችሁም።

የሚገርመኝ ጓሯችን ነው። አፈሩ የዚያው ዳገት አፈር ነው። አንድ እፍኝ ማዳበሪያ ሳይነካው በቆሎው ሰው ይውጣል፣ ጎመኑ ቅጠሉ እንደ ጉድ ነው።

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጥቶ አየና «አሲዳማ ሆኗል፣ ኖራ ያስፈልገዋል» አለ። አሲድ ሲባል እኔ የማውቀው የባትሪውን ነው። አባቴ ደግሞ «መሬቱ ደከመ በቃ፣ ዛፍ ትከሉበት» ይላል። ጎረቤታችን ከአዊ በኩል ችግኝ አስመጥቶ ዲከረንስ የሚሉትን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሏል፤ የአባቴ ዓይን እዚያ ላይ ነው። ወንድሜ ኖራ ይላል። እኔ መሃል ቀረሁ።

አስተራረሳችን እንደ አገሩ ነው። ወንድሜ ገምሶ፣ አይሞ፣ አስልሶ፣ ጤፍ ከሆነ ከዚያም በላይ ይመላለስበታል። ክረምት ላይ ውሃው እንዳይተኛ ፈሰስ ቁልቁል ይወጣለታል። ጭዱ ለከብት ነው። ከአጨዳ በኋላ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ይለቀቅበታል። እበቱ ኩበት ይሆናል፤ ግማሹ ለቤት፣ ግማሹ አማኑኤል ገበያ።

ጥያቄዬ፦ ኖራው ስንት ኩንታል ነው፣ መቼስ ነው የሚበተነው? ዲከረንስ መሬት ያድናል የሚሉት እውነት ነው? ማዳበሪያውንስ ላቁመው?

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፦

ልጄ፣ መልሱን አንተው ጽፈኸዋል። ጓሮህ ነው መልሱ።

ከዳገቱ የሚወጣውን ነገር ሁሉ ተከታተለው፤ መጨረሻው ጓሮ ነው። ጭዱን ከብት ይበላዋል፣ በረቱ ያለው ጓሮ ነው። ኩበቱ ይነዳል፣ የምድጃው አመድ የሚደፋው ጓሮ ነው። የድንቹ ልጣጭ፣ የጠላው አተላ፣ የቤቱ ጥራጊ፣ ሁሉም እዚያው። አመድ ብቻውን ኖራ የሚሠራውን ሥራ በመጠኑ ይሠራል። ዳገቱ ግን በየዓመቱ እህሉንም ጭዱንም ሰጥቶ የሚመለስለት ያቺ የጆንያ ማዳበሪያ ናት። ስለዚህ ጓሮህ የዳገቱን ሲበላ ነው የኖረው። ይህ የእናንተ ቤት ብቻ አይምሰልህ፤ ጎጃምን ብትዞር ከበረት አጠገብ ያለውና ከዳገት ላይ ያለው መሬት አንድ አይደለም።

አሁን ወደ አሲዱ። የእኛ አገር ዝናብ ብዙ ነው። ቀይ አፈር ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዥየም እያጠበ ወደ ታች ይወስደዋል። አዝመራውም ከነጭዱ ሲነሳ የራሱን ድርሻ ይዞ ይሄዳል። የምትገዟቸው ማዳበሪያዎች፣ ዩሪያም፣ ዳፕም፣ ኤንፒኤስ የምትሉትም፣ አፈር ውስጥ ሲለወጡ አሲድ ይተዋሉ። ባዶ መሬት ላይ ዓመት ዓመት ሲደጋገም ይጠራቀማል። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለት የአሲዱ መለኪያ (ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል)፣ ከ5.5 ሲወርድ ደግሞ ዋናው ጠላት ይመጣል፤ አሉሚኒየም። ያ በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ነገር ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያቃጥለዋል። ሥሩ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። ገብስና ባቄላ ይህን አይችሉም። ድንች ይችላል፣ እንግዶም ይችላል፤ ለዚህ ነው እነሱ ብቻ የቀሩልህ። የምትገዛውም ፎስፈረስ ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ማዳበሪያ መጨመርህ በወንፊት ውሃ መቅዳት የሆነው ስለዚህ ነው።

ሳትመረምር ግን ኖራ አትግዛ። አፈሩን እንዲህ ውሰድ፦ መሬቱን ዚግዛግ እየሄድክ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍር። ከብት ያደረበትን፣ እበት የተከመረበትን፣ ከዛፍ ሥር ያለውን ዝለል። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ቀላቅልና ወደ አንድ ኪሎ የሚሆነውን ለምርመራ ስጥ። በማዳበሪያ ጆንያ ግን እንዳትወስደው፣ ውጤቱን ያበላሸዋል።

የኖራው መጠን በአሲዱ ልክ ነው የሚሰላው። ብዙ ጊዜ በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል መካከል ይወድቃል። በሄክታር 30 ኩንታል ቢባልህ ለአንድ ቃዳ ሰባት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው ነው ሰውን የሚገድለው። ለዚህ ነው በመስመር ለሚዘሩ ሰዎች ጥቂቱን በየመስመሩ እያደረጉ በየዓመቱ የማሟላት መንገድ የመጣው። አንተ ግን በአንድ ቃዳ ጀምር። ግማሹን ኖራ አድርግበት፣ ግማሹን ተወው፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ። አባትህን ከእኔም ከባለሙያውም በላይ የሚያሳምናቸው እሱ ነው።

ማዳበሪያውን አታቁም። አሲዱ ሲቀንስ ያን ጊዜ ነው የገዛኸው ነገር ለሰብሉ የሚደርሰው። ኖራ ራሱ ማዳበሪያ አይደለም፤ የሚሠራው ያለውን መክፈት ነው። ኖራ ብቻ እያደረግህ ጭዱንና እበቱን ማንሳት ከቀጠልክ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚሁ ተመልሰህ ትጽፍልኛለህ።

የፋግታ ከሰል፦

የዲከረንሱን ነገር ለኔ ተዉልኝ። እኛ ፋግታ ለኮማ በሱ ነው ቤት የሠራነው፤ ቆርቆሮም ሞተርም ከሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አብረህ ታስገባዋለህ፤ ያን ዓመት ጤፍህን ታጭዳለህ። ከዚያ ዛፉ ይይዘዋል። ከአራት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ቆርጠህ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ታከስላለህ። ቀጥሎ ጤፍ ወይ ስንዴ ትዘራለህ። እኛ ጋ እህል መስጠት አቁሞ የነበረ መሬት በዚህ መንገድ ተመልሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ መሬቱ ያን ሁሉ ዓመት ሳይታረስና ከብት ሳይረግጠው ያርፋል።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ከሰሉ የተከመረበትን ቦታ በሚቀጥለው ክረምት እየው። ክቡ ይታወቃል። ከማሳው ሁሉ ተለይቶ ጤፉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ እስኪተኛ ድረስ። አመዱና የከሰሉ ብናኝ ነው። ጋሼ ስለ አመድ ያሉት ልክ ነው።

ግን ዲከረንስ አሲድ አያጠፋም። እንጨቱን ጭነህ አዲስ አበባ ስትልክ ካልሲየሙንም አብረህ ልከኸዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ኪሳራ ላይ ወድቋል፤ ቅጠሉ ላይ የዝገት ዓይነት ነገር ይወጣና ሳይደርስ ይደርቃል። ሦስቱንም ቃዳ ለዛፍ ሰጥቶ አራት ዓመት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሆድ ላለው ሰው አይመከርም። ባህር ዛፍማ አታስበው። ከባህር ዛፍ ጥግ ያለ ማሳ ምን እንደሚሆን መራዊ መንገድ ላይ ከመኪና ሳትወርድ ታየዋለህ።

እማማ ደምበጫ፦

ሁላችሁም ወንዶች ናችሁ መሰለኝ፤ ኩበቱን ተዉ ማለት ቀላል ሆኖላችኋል። በምን እንጋግር? ኩበቱን ማሳ ላይ አድርጉ ሲባል ስንት ዘመኑ ነው፣ እንጨት ከየት እንደሚመጣ የነገረን ግን የለም።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገርህ ልጄ፣ ብትፈልግ ውሰደው። ከቤቱ ኋላ ባለው ገደል አፋፍ፣ እህል በማይሆንበት ቦታ፣ ጥቂት ዛፍ ተከልን፤ ለማገዶ ብቻ። ምድጃውንም እንጨት የሚቆጥበውን አደረግን። ከዚያ በኋላ ነው እበት የተረፈኝ። የተረፈውን ከገለባና ከአረም ጋር በጥላ ሥር ከምሬ፣ ከላይ ሸፍኜ፣ አልፎ አልፎ ውሃ እያጠጣሁ እገለብጠዋለሁ። ሲበስል የእበት ሽታ አይሸትም፤ ገና ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው። የሚሸት ከሆነ አልበሰለም፣ አትበትነው።

ኩበት መሸጥ ግን አቁሙ። እሱን በግልጽ እነግርሃለሁ። በኩበቱ ብር ነው ተመልሳችሁ ማዳበሪያ የምትገዙት፤ ይህ ምን ዓይነት ንግድ ነው?

አመዱንም ጓሮ መድፋት ይብቃችሁ። ጎመናችሁ ጠግቧል። በከረጢት አጠራቅሙና ደረቁን ዳገቱ ላይ በትኑት።

ሌላው ያ ቁልቁል የምታወጡት ፈሰስ ነው። ከኛ ብዙም ሳይርቅ አንጀኒ አለ። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ነበረበት። ያኔ ፋኛ ጁ የሚሉትን እርከን ሠሩ፤ ቦዩን ቆፍረህ አፈሩን ወደ ላይ የምትከምረው ነው። መጀመሪያ ሰው ሁሉ «መሬታችንን በላው፣ በሬ አያዞርም» እያለ ያማርር ነበር። ዛሬ ሄደህ ብታይ እርከኑ ሞልቶ መሬቱ ደረጃ ሆኗል። የእኛም ማሳ እንደዚያው ነው። ግን ልብ ብለህ ካየኸው በአንድ እርከን ውስጥ እህሉ እኩል አይደለም። ከግድቡ በላይ ያለው፣ አፈሩ የተጠራቀመበት፣ ያምራል። ከግድቡ ሥር ያለው ቀጭን ነው፤ አፈሩ ተገፎ ቀዩ ወጥቷል። እኔ ኮምፖስቴን የማደርገው እዚያ ቀጭኑ ላይ ነው። ማሳውን ሁሉ ላዳርስ ብል አይበቃም።

ቢቸና ዋልካ፦

ይህን የሚያነብ የእነማይና የሸበል ሰው ተነስቶ ኖራ እንዳይገዛ ብዬ ነው የጻፍኩት። ጎጃም ሁሉ ቀይ አይደለም። የእኛ ዋልካ፣ ጥቁሩ አፈር፣ አሲድ የለበትም፤ ችግሩ ውሃ መተኛቱ ነው። እኛ ሰፋፊ መደብ አውጥተን ነው ውሃውን የምናሳልፈው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይ ጓያ። እዚህ ኖራ መበተን ብር መበተን ነው። በቃ፣ ቀጥሉ።

የአማኑኤል ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እማማ፣ ኩበቱን ለእናቴ አነበብኩላት። «ይቺ ሴትዮ የት ነው ያለችው?» አለች፤ ወደደችዎት ማለት ነው። ምድጃውን ለመቀየር ተስማምታለች፣ የሚሠራው ግን አንተ ነህ ብላኛለች።

ጋሼ፣ እሑድ ሄጄ ያሉኝን ሥር አየሁ። ወንድሜ ዳር ላይ የቀረ ገብስ በአካፋ ከነአፈሩ አነሳልኝ፣ በውሃ አጠብነው። ሥሩ ከጣት አይረዝምም። ጫፉ ቡናማ ሆኖ ወፍሯል፤ ቀጫጭኑ ጸጉር የሚመስለው የለም። ከጓሮ አንድ የበቀለ ገብስ ነቅለን አጠገቡ ስናስቀምጠው ሌላ ዘር ነው የሚመስለው። አባቴ ሁለቱንም አንስቶ አገላብጦ አየና ምንም አልተናገረም። እሱ ዝም ካለ ግማሽ መንገድ መጥቷል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አየን። የሞተር ሳይክል ዘንግ ይዤ ነበር፣ ዝም ብዬ መሬቱን ወጋሁት። አንድ ስንዝር ያህል በቀላሉ ገባና ቆመ። በጉልበት ስገፋው እንኳን አልሄደም። በብዙ ቦታ እንደዚያው። ድንጋይ መስሎኝ ቆፈርነው፤ ድንጋይ የለም፣ ድርቅ ያለ አፈር ነው።

የምርመራው ውጤትም መጥቷል። ፒኤች 4.8 ይላል፤ ለአንድ ሄክታር 28 ኩንታል ኖራ ተብሏል። አንድ ቃዳ እንጀምራለን፤ እንዳሉት ግማሽ በግማሽ። በሁለተኛው ቃዳ ምን እናድርግ? ዲከረንስ ብሎ አባቴ አሁንም አለቀቀም። ደግሞ አንድ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ የግድግዳ ኖራ በርካሽ እሰጥሃለሁ ብሎኛል፤ ይሆናል?

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፦

የግድግዳውን አትንካ ልጄ። እሱ የተቃጠለ ኖራ ነው፤ እጅም ዓይንም ያቃጥላል፣ መጠኑም ሌላ ነው። አንተ የምትፈልገው ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። የዓባይ ሸለቆ በደጀን በኩል የዚህ ድንጋይ አገር ነው። ስትገዛ በእጅህ ያዘው። እንደ ዱቄት የላመ ይሁን። ጠጠር ያለው ቶሎ አይሠራም።

በዘንግህ ያገኘኸው ነገር ማረሻው የሠራው ወለል ነው። ማረሻችን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በሬው በየዓመቱ እዚያው ጥልቀት ላይ ሲመላለስ ከሥሩ ያለው ይጠቀጠቃል፤ አፈሩ ሲደቅ ደግሞ ላዩ በዝናብ ይታሸጋል። ውሃ አይሰርግም። ስለማይሰርግ ይተኛል፣ ስለሚተኛ ፈሰስ ታወጣላችሁ፣ ፈሰሱ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ሁሉም የተያያዘ ነው። ለገብስ ያን ያህል መመላለስ አያስፈልግም፤ ከእርሻው ቀንሱ። ፈሰሱንም ቀጥ ብሎ ቁልቁል ከመውረድ ይልቅ አግድሞ፣ ትንሽ ብቻ አዘንብሎ፣ ሣር ወዳለበት መውረጃ ይምራ። መውረጃው ሣር ከሌለው ግን ቦረቦር ትከፍትና ከጎረቤት ትጣላለህ።

ለሁለተኛው ቃዳ የኔ ምርጫ ግብጦ ነው። አትሳቅ። ግብጦ የድሃ እህል ነው እያሉ ንቀውት ነው እንጂ ለዚህ መሬት የተፈጠረ ነው። አሲድ ይችላል። ናይትሮጅን ያስገባል። ሥሩ አፈሩ ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ የሚፈታ ነገር ያወጣል። ብዙ እርሻ አይፈልግም፤ ዳፕ ዩሪያ አይጠይቅም። እናንተ ጋ ከብት ልቅ ስለሆነ ደግሞ ትልቁ ጥቅሙ መራራነቱ ነው፤ ከብት ቀምሶት ይሄዳል። ፍሬውን ቆልታችሁ ወንዝ ውስጥ ነክራችሁ ትበላላችሁ፣ ለአረቄ ቤትም ትሸጣላችሁ። ዋጋው አያኮራም፣ አልዋሽህም። በሚቀጥለው ዓመት ግን በሱ ላይ የምትዘራው እህል ይነግርሃል። ብቻ አገዳውን ከሥሩ ነቅላችሁ ለማገዶ አትውሰዱት፤ ሥሩና ቅጠሉ እዚያው ይቅር።

ሦስተኛውን ቃዳ፣ ከላይ ያለውን በጣም የተጎዳውን፣ ለአባትህ ስጣቸው። ዲከረንሳቸውን ይትከሉ። የፋግታው ወንድም ስለ በሽታው የነገረህን ግን ንገራቸው፤ ችግኙን ከታመመ ቦታ አታምጡ። ሰውም ሲታረቅ እንዲህ ነው የሚሻለው፤ የሽማግሌን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ጥለህ መሬቱን አታድንም።

የአማኑኤል ልጅ፦

ለአባቴ ይህችን የመጨረሻዋን ነገርኩት፣ ሳቀ። «ሰውዬው የሰው ልጅ ነው» አለ። ተስማምተናል፤ ላይኛው የሱ ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኖራውን መቼ? ገብሱን ግንቦት መጨረሻ ነው የምንዘራው።

ጡረተኛው የልማት ሠራተኛ፦

መጋቢት ላይ ጠብ ሲል ጀምር፤ ከሚያዝያ አጋማሽ አትለፍ። ኖራ እርጥበትና ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢያንስ ከዘር አንድ ወር ይቅደም። መሬቱን በገመድ በአራት ማዕዘን ከፋፍሉና ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን ኩንታል እዚያው አስቀምጡ። ካልሆነ መጀመሪያ ላይ ይበዛና መጨረሻው ባዶ ይቀራል። ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት በትኑ፤ አፍንጫና አፋችሁን በነጠላ እሰሩ። የተበተነውን በዚያው ቀን አርሳችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት፤ ላዩ ላይ ካደረ ነፋስ ወይ ጎርፍ ይወስደዋል። ኮምፖስትም ካላችሁ ለብቻው ወደ ዘር ሰዓት አካባቢ ይግባ። ኖራውን ከዩሪያ ጋር ግን አንድ ላይ አትቀላቅሉት፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል።